የኢኮኖሚስት ቤተ ሙከራ የት ነው?

ኬሚስት ሁለት ብልቃጥ ይዞ አንዱን ብቻ ያሞቃል። እኛ ኢኮኖሚስቶች ግን አገርን ለሁለት ከፍለን «ለዚህኛው ወገን ብቻ ደመወዝ ጨምሩ» ማለት አንችልም። ታዲያ «ይህ ያንን አመጣ» የምንለው በምን ድፍረት ነው?

በ1992 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋ ግዛት ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬኒያ ባለችበት ቆየች። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በሁለቱም ግዛቶች ከ400 በላይ የፋስት ፉድ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። የመማሪያ መጽሐፉ ግራፍ ሠራተኛ ሲወደድ ቀጣሪ ይቀንሳል ይላል፤ እነሱ ግን ቅነሳ አላገኙም።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከአንዱ ግዛት ለውጥ የሌላውን ለውጥ መቀነስ። የሚከብደው ከሥሩ ያለው ግምት ነው፤ ጭማሪው ባይኖር ሁለቱ ግዛቶች እኩል ይራመዱ ነበር የሚለው። ያልሆነ ነገር ደግሞ አይታይም። ሌሎች ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ኒውማርክና ዋሸር፣ በደመወዝ መዝገብ ተመሥርተው ተቃራኒውን አገኙ፤ ካርድና ክሩገርም በ2000 በመንግሥት መረጃ መለሱላቸው። ካርድ በ2021 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ፤ ክሩገር ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት አርፎ ነበር።

ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1953 ሞዴል የሚመዘነው በግምቶቹ እውነተኝነት ሳይሆን በትንበያው ነው ብሎ ተከራክሯል። እዚህ ግን የመማሪያ መጽሐፉ ትንበያ ሲስት ብዙ ባለሙያ መጀመሪያ የጠረጠረው መረጃውን ነው። በእኔ እምነት ይህ ግትርነት ብቻ አይደለም፤ አንድ ጥናት ንድፈ ሐሳብ አይጥልም። ደግሞም ሌላ ንድፈ ሐሳብ ነበረን፦ ቀጣሪው በአካባቢው ብቸኛ ከሆነ የሚከፍለው ከሚገባው በታች እንደሚሆን ኢኮኖሚስቷ ጆአን ሮቢንሰን በ1933 ጽፋለች። እንዲህ ባለ ገበያ ጭማሪ ቅጥርን ጭራሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።