ከቻይና ቅጠል ስለ ተገኘው የወባ መድኃኒት

ከፎንቆ ወደ ሻሾጎ ቆላ የሚወርድ ሰው ሁሉ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ንዳድ እንደሚበረታ ያውቃል። መስከረምና ጥቅምት እሸት የሚደርስበት ወራት ነው፤ ወባም ገበሬውን ከእርሻው፥ ልጁን ከትምህርት ቤቱ የሚያስቀረው በዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ይህን በሽታ የሚያድነው መድኃኒት ከምን እንደ ተገኘ ለቤተ ሰብ ሁሉ መንገር መልካም ነው።

የመድኃኒቱ ምንጭ በቻይና አገር ቺንግሃዎ የሚባል ቅጠል ነው። እርሱም በአገራችን የሚበቅሉት የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። ከ1600 ዓመት በፊት ጌ ሆንግ የተባለ የቻይና ሊቅ በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ፥ ንዳድ የያዘው ሰው አንድ እፍኝ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ፥ ጨምቆም እንዲጠጣ መክሯል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. የቻይና መንግሥት አዲስ የወባ መድኃኒት እንዲፈለግ አዘዘ፤ ነባሩ ክሎሮኪን እየደከመ ሄዶ ነበርና። ወይዘሮ ቱ ዩዩ የተባሉ የመድኃኒት ዐዋቂ በ1969 ዓ.ም. ሥራውን ተቀብለው ብዙ ዕፀዋትን መረመሩ። የቺንግሃዎ ቅጠል ግን አንድ ጊዜ ሲሠራ ሌላ ጊዜ እንቢ አለ። ኋላም የጌ ሆንግን ቃል ደግመው ቢመለከቱ፥ ሊቁ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ መቀቀልን አላዘዘም። እሳት ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብለው፥ በ35 ዲግሪ ሙቀት በሚፈላው በኤተር ቢያወጡት በ1971 ዓ.ም. ተሳካ። ለበሽተኛ ከመስጠታቸውም በፊት ከባልደረቦቻቸው ጋር ራሳቸው ቀመሱት። አርቴሚሲኒን የተባለው ንጹሕ መድኃኒት በ1972 ዓ.ም. ተለየ፤ እርሳቸውም በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኢትዮጵያም ከዚሁ የተሠራውን አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር ተቀይጦ እንዲሰጥ በ2004 ዓ.ም. ወሰነች። አርቴሜተር የወባውን ተሐዋስ በፍጥነት ይገድላል፥ ነገር ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ይወጣል፤ ሉሜፋንትሪን ግን ብዙ ቀን ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። ስለዚህ ትኩሳቱ ቢበርድም በ3 ቀን የሚዋጠውን 6 ጊዜ መድኃኒት መጨረስ ይገባል። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥም ለሰውነት በይበልጥ ይስማማል።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፥ ጭቁኙ የቺንግሃዎ ዘመድ ነው ብላችሁ ለታመመ ልጅ አፍልታችሁ በመስጠት ቀን አታሳልፉ። በጭቁኝ ውስጥ አርቴሚሲኒን ወይ የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። የቻይናው ቅጠል እንኳ በቤት ሲፈላ መጠኑ አይታወቅም፤ ጉድለቱም ተሐዋሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቅጠሉን በሻይ መልክ መጠጣትን አይደግፍም። ልጅ ሲያተኵስ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድና ደሙ ይመርመር፤ የወባ ዓይነቱ ብዙ ነውና መድኃኒቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የቆየች አንዲት ቀን የሕፃን ነፍስ ልታሳጣ ትችላለችና።