እናት ብቻዋን፣ ልጆች ከኋላ፣ ባሕሩ ከፊት

አባት በግዳጅ ላይ በሚገኝበት ወራት የቤቱ ሸክም ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ የታወቀ ነው። የልጆች ትምህርት፣ ሕመማቸው፣ ጠባቸውና ጥያቄያቸው ሁሉ የርሷ ነው። የዕረፍት ቀን ሲደርስ ግን «አባታችሁ ሲመለስ እንሄዳለን» ይባልና ልጆቹ ከግቢ ሳይወጡ ወራቱ ያልፋል። ለመሆኑ አንዲት እናት ሁለት ሦስት ሕፃናት ይዛ፣ ረዳት ሳይኖራት፣ መኪና እየነዳች ባሕር ዳርቻ ደርሳ በሰላም ልትመለስ ትችላለችን? መልሱ አዎን ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ጉዞው ለአንድ ጥንድ ዓይንና ለአንድ ጥንድ እጅ በሚበቃ መልክ ሲታቀድ ነው።

ለምሳሌ ያህል በኬንያ ጠረፍ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን እስከ ማሊንዲ የሚዘልቀውን መንገድ እንመልከት። ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል፤ ከሕፃናት ጋር ግን አንድ ሌሊት አሳድሮ በሁለት ቀን መፈጸሙ ይመረጣል። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ፣ በቀኝ መንዳት የለመደች እናት አስቀድማ ብቻዋን ብትለማመድ ይበጃል። የጭነት መኪናና የሕዝብ ማመላለሻ ሳይበዛ ማልዶ መነሣት፣ ሳይጨልምም ማረፍ ያስፈልጋል። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይጨልማልና።

እዚህ ላይ ለልጆቻችን የሚያስደስት ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪው የጠረፍ ሕዝብ ሰዓቱን የሚቈጥረው እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ አንድ ሰዓት ይለዋል። ሰዓትንም «ሳ» ብሎ ይጠራል። በባዕድ አገር ሰዓት የጠየቀ ሕፃን የቤቱን አቈጣጠር መስማቱ አገሩን ያቀርብለታል።

መንገዱ ከሞምባሳ ደሴት በኛሊ ድልድይ ተሻግሮ በቃጫ እርሻዎችና በኮኮናት ዛፎች መካከል ያልፋል። ግማሽ መንገድ ላይ ኪሊፊ ይገኛል። እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ድረስ ወሽመጡን መኪና የሚሻገረው በጀልባ ነበር፤ ዛሬ ረጅም ድልድይ አለው። እዚህ ወርዶ እግር ማፍታታት፣ ውሃ መጠጣትና መጸዳጃ ቤት መሄድ ይገባል። ለስንቅ ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። ቆሎ ግን መኪና በሚሄድበት ጊዜ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ትን ያለውን ሕፃን መሪ የያዘች እናት ፈጥና ልትደርስለት አትችልም። ልጆቹ ከኋላ መቀመጫ በቀበቶ ታስረው ይቀመጡ። «ለአንድ ደቂቃ ነው» ተብሎም ማንም ሕፃን በቆመ መኪና ውስጥ ብቻውን አይተው፤ በጠረፍ ፀሐይ የተዘጋ መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምድጃ ይሆናል።

ከማሊንዲ በፊት በስተቀኝ የጌዲ ፍርስራሽ አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ነዋሪዎቹ ትተዋት የሄዱ፣ መስጊድና ቤተ መንግሥት የነበራት፣ በዛጎል ድንጋይ የተሠራች ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በጥላዋ ሥር ልጆች የቀትሩን ሐሩር ያሳልፋሉ፤ ምግብ ነጣቂ ጦጣዎች ስላሉ ግን ስንቁ ከመኪና አይውጣ።

ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው ዋታሙ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተከለለ የባሕር ፓርክ ነው። ከዋናው ባሕር የሚመጣውን ማዕበል የዛጎል ድንጋዩ ግንብ ስለሚሰብረው ከዳርቻው ያለው ውሃ የረጋ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የሚሰጥም ሕፃን ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ድምፅ ሳያሰማ በአፍታ ይጠፋል። ስለሆነም አንዲት እናት ሦስት ነገሮችን ትደንግግ። አንደኛ፣ ልጆቹ ሁሉ በአንድነት ይገባሉ፣ በአንድነት ይወጣሉ፤ አንዱ ውሃ ውስጥ ሌላው አሸዋ ላይ አይሁን። ሁለተኛ፣ ውሃው ከትንሹ ልጅ ጉልበት አይለፍ፤ እናቲቱም እጇን ዘርግታ ከምትደርስበት ማንም አይራቅ። ሦስተኛ፣ አንዱ ልጅ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ሁሉም ይሄዳሉ። ልጆቹ ያጕረመርሙ ይሆናል፤ ያጕረምርሙ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጐድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጕድለቱም ይበረታል። ውሃው ሲሸሽ በድንጋዩ መካከል የሚቀሩት ኩሬዎች በትንንሽ ዓሣና በሸርጣን የተሞሉ በመሆናቸው ለልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ነገር ግን ባሕሩ ሲመለስ አስቀድሞ ከኋላ ያለውን ዝቅተኛ ስፍራ ሊሞላው ስለሚችል፣ ከመመለሱ በፊት ወደ ዳርቻ መውጣት ግዴታ ነው። ሰዓቱን ከዓሣ አጥማጆች ጠይቆ መረዳት ይቻላል። የባሕር ጃርት እሾህ ስላለም ጫማ አይውለቅ። ዛጎል መልቀምና ኤሊዎች እንቁላል የጣሉበትን አሸዋ መንካት የተከለከለ ነው።

በማግሥቱ ማሊንዲን ማየት ይቻላል። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 የደረሰባት፣ ከዚያም ቀደም ብሎ በ1415 ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ በመርከብ የላከች ከተማ ናት። ቀጭኔ መርከብ ላይ እንዴት እንደቆመች ልጆቹ እስከ ሞምባሳ ሲከራከሩ ይመለሳሉ።

ለአባትም ድርሻ አለው። ወደ ግዳጁ ከመሄዱ በፊት ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ይመርምር፤ ባለቤቱም ጎማውን በገዛ እጇ አንድ ጊዜ ፈታ እስክትገጥም ድረስ አጠገቧ ቆሞ ያሳያት። እርሷም የምትሄድበትን መንገድና የምትመለስበትን ሰዓት ለታመነ ጎረቤት ትንገር። ጉዞው ሲፈጸም እያንዳንዱ ልጅ ያየውን ሥሎ ወይም ጽፎ ለአባቱ ይላክለት። አባት ያን ወረቀት በከፈተ ጊዜ ቤቱ እርሱን ሲጠብቅ ቆሞ እንዳልቀረ፣ ልጆቹም እያደጉ መሆናቸውን ይረዳል።