ለእሳት አደጋ ሠራተኛ መታሰቢያ የሚደረግ ሩጫ

አንድ ሰው ለወገኑ ሲል ሕይወቱን በሰጠ ጊዜ፣ በሕይወት የቀሩት ሰዎች መታሰቢያውን በልዩ ልዩ መንገድ ያቆማሉ። አንዳንዱ ሐውልት ይሠራል፤ አንዳንዱ መንገድ ወይም ትምህርት ቤት በስሙ ይሰይማል፤ በእኛም ሀገር አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እየተቈጠረ ተዝካሩ ይወጣል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቼ ልገልጽ የፈለግሁት ግን ከእነዚህ ለየት ያለውን፣ በእሳት መካከል ለወደቀ ሠራተኛ በሩጫ መታሰቢያ የሚደረግበትን መንገድ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው፣ «ለሞተ ይለቀሳል፣ ይጸለያል እንጂ ይሮጣልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን በታሪኩ ውስጥ ስለ ሆነ ታሪኩን አስቀድማለሁ።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ እንቁጣጣሽን ሲያከብር በዋለበት ዕለት፣ በአሜሪካ ኒውዮርክ ከተማ አሸባሪዎች የጠለፏቸው ሁለት አይሮፕላኖች መንትያ ከሚባሉት የዓለም ንግድ ማእከል ሕንፃዎች ጋር ተላተሙ። ባለ 110 ፎቅ የነበሩት ሁለቱ ሕንፃዎች በእሳት ተያያዙ። በዚያ ጧት ስቲቨን ሲለር የሚባል የ34 ዓመት የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ብሩክሊን ከሚገኘው ጣቢያው ተራውን ጨርሶ ወጥቶ ነበር። ከወንድሞቹ ጋር ጎልፍ ሊጫወት በመንገድ ላይ ሳለ የአደጋውን ወሬ በሬዲዮ ሰማ። ተራው አልቋልና ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን ወደ ጣቢያው ተመልሶ ልብሱንና መሣሪያውን ያዘ። ብሩክሊንን ከማንሃተን ወደሚያገናኘው፣ ከውኃ በታች ወደተሠራው የዋሻ መንገድ ሲደርስ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ አገኘው። በዚህ ጊዜ መኪናውን ትቶ፣ 27 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን መሣሪያ ተሸክሞ ዋሻውን በእግሩ እየሮጠ ተሻገረ። ከዚያም አልተመለሰም። በዚያ ቀን ሰው ለማዳን ገብተው ከሞቱት 343 የኒውዮርክ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አባላት አንዱ ሆነ።

ቁጥሩን ብቻ ብናነብ ድካሙ አይታየንም። 27 ኪሎ ከሩብ ኩንታል ይበልጣል። የዋሻው ርዝመት 2,800 ሜትር ያህል ነው፤ አንድ የስታዲየም ዙር 400 ሜትር ስለ ሆነ፣ ይህ ሰባት ዙር ማለት ነው። እስቲ ከሰንጋ ተራ ልጆች መካከል ሩብ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ስታዲየሙን ሰባት ጊዜ እሮጣለሁ የሚል ማን ነው? ያውም ሲጨርስ የሚጠብቀው ዋንጫ ሳይሆን እሳት ቢሆን?

ሲለር ከሰባት ወንድማማችና እኅትማማች የመጨረሻው ነበር። ገና ልጅ ሳለ እናትና አባቱን በማጣቱ ያሳደጉት ታላላቆቹ ናቸው። ሲሞት እርሱም በተራው ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ትቶ ሄደ። «የሞተ ተጎዳ» እንላለን፤ ነገር ግን የቀሩትም ይጎዳሉ። ወላጅ ማጣት ምን እንደ ሆነ ያወቀው ይህ ቤተ ሰብ በዚያው በ1994 ዓ.ም. በስሙ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። በመስከረም 1995 ዓ.ም. ደግሞ ሰው ሁሉ እርሱ በሮጠበት ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ሕንፃዎቹ ሥፍራ የሚደርስበትን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የተሳተፉት 1,500 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን ቁጥሩ ከሠላሳ ሺህ በላይ ደርሷል። ሩጫው የሚደረገው በየዓመቱ የእኛ መስቀል በሚከበርበት ሰሞን ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የ343ቱን ጓዶቻቸውን ሥዕል ይዘው በመንገዱ ዳር ይሰለፋሉ፤ ከሯጮቹም ሙሉ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ተሸክመው የሚሮጡ አሉ።

እንግዲህ «ለሞተ ይሮጣልን?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ መታሰቢያው ከሰውየው ሥራ ጋር አንድ ዓይነት መልክ አለው። ሐውልት ቆሞ ይታያል፤ ሩጫ ግን የሟቹን ድካም በሯጩ ጉልበትና ሳንባ ውስጥ ያሳድራል። በዚሁ መንገድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005፣ በዴንቨር ከተማ አምስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአንድ ረጅም ሕንፃ 110 ፎቅ የሚያህል ደረጃ ወጥተው ጓዶቻቸውን አሰቡ። ይህም ልማድ ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፍቷል። እያንዳንዱ ወጪ የአንዱን ሟች ስም ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛው መልስ ገንዘቡ ነው። የእንዲህ ያለው ውድድር አሠራር ቀላል ነው። ሯጩ ለመመዝገቢያ ይከፍላል፤ የንግድ ድርጅቶች ለውኃውና ለልብሱ ይረዳሉ፤ ወዶ ገቦች ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፤ ከወጪ የተረፈው ለተቸገረው ይደርሳል። የሲለር ድርጅት ለምሳሌ በሥራ ላይ የሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ፖሊሶች ትንንሽ ልጆች ትተው እንደ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ የሚኖርበትን ቤት ዕዳ ይከፍላል። አባት የሞተበት ልጅ ከቤቱም እንዳይወጣ ያደርጋል ማለት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተዝካር የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ መታሰቢያ ነው፤ በሟች ስም ድኻ የሚጠግብበት ቀን ነው። ሩጫም ቢሆን የእኛው ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም.፣ ከኒውዮርኩ አደጋ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በአሥር ሺህ ሯጮች ተጀመረ፤ በ10 ኪሎ ሜትሩም አሸናፊው ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ይህ ውድድር ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበሰብበትም ነው። እድሮቻችን ድንኳን ይተክላሉ፣ ቀብር ያስፈጽማሉ፣ ኀዘንተኛውን ያጽናናሉ። የሟችን ልጅ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ግን በአብዛኛው ከእድር አቅም በላይ ነው። ተዝካሩና ሩጫው ቢገናኙ ይህን ክፍተት ሊሞሉ ይችላሉ።

ስለ ሰንጋ ተራ ካነሣን ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። ሰፈራችን ስሟን ያገኘችው ሰንጋ ከሚሸጥበት ገበያ ነው፤ ገበያው ዛሬ የለም፣ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ጣሪያ ለጣሪያ ተያይዘው የነበሩት የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶችም ብዙዎቹ ፈርሰው ረጃጅም ሕንፃዎች ተተክተዋል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአካባቢያችን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ይረዝማል። እርሱን ሁለት ጊዜ መውጣት ከመንትያዎቹ ሕንፃዎች አንዱን እንደ መውጣት ይቈጠራል። በእሳት ጊዜ አሳንሰር አይታመንም፤ ነዋሪው በደረጃ ሲወርድ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው በዚያው ደረጃ ሸክሙን ይዞ ይወጣል። ከፍ ባለው ፎቅ የምንኖርና የምንሠራ ሁሉ ሕይወታችን በእርሱ ጉልበት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን አንድ ውድድር እንዲጨመር አሳብ አቀርባለሁ። ሰባት ሰባት ተማሪዎች ያሉበት ቡድን ይቋቋም። 27 ኪሎ አሸዋ የያዘ ጆንያ ይዘጋጅ። እያንዳንዱ ተማሪ 400 ሜትር እየተሸከመ ለባልንጀራው ያቀብል። ሰባቱ ሲጨርሱ አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመውን ተሸከሙ ማለት ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ በሥራ ላይ ለሞቱ ወይም ለቈሰሉ የከተማችን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቤተ ሰቦች ይሰጥ። ገቢውና ወጪው ደግሞ ሁሉ እንዲያየው በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ሒሳቡ ያልታወቀ በጎ አድራጎት በሁለተኛው ዓመት ሯጭ አያገኝምና።

ነገር ግን አንድ መጠንቀቂያ አለ። ውድድር ሲደምቅ ሟቹ ሊረሳ ይችላል፤ ዘፈኑና ካናቴራው ይቀሩና ሰውየው ይጠፋል። ለማን እንደሚሮጥ ሳያውቅ የሮጠ ሰው ሮጠ እንጂ አላሰበም። ስለዚህ ከሩጫው በፊት የሚታሰበው ሰው ማን እንደ ነበረና ምን እንዳደረገ ለሁሉም መነበብ አለበት። አለዚያ መታሰቢያው ሰንጋ የሌለባት ሰንጋ ተራ ይሆናል።

በሕይወት ያለውንም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ማክበር የሚቻለው እስኪሞት ጠብቆ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ የመንገዱ ጥበት እሳቱን የመቈጣጠሩን ሥራ አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። በሰፈራችን መግቢያ ላይ ዕቃ የሚቆልል፣ መኪናውን በመተላለፊያ የሚያቆም ሰው የሲለርን ዋሻ በእጁ እየዘጋ ነው። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ይህን ቁጥር ለቤተ ሰቡ ያስተምር። መንገዱንም ክፍት እናድርግ፤ የምንጠራው ሰው መሣሪያውን በጀርባው ተሸክሞ ሳይሆን በመኪናው ይዞ ከበራችን ይድረስ።