በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በሰውነት ውስጥ ብቻ የሚያስነሳቸው ጂኖች የሚለዩበት ዘዴ

በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሲያድግ የሚያሳየው ጠባይ፣ በሰው ወይም በእንስሳ አካል ውስጥ ከገባ በኋላ ከሚያሳየው የተለየ ነው። ይህ ልዩነት ለበሽታ መንስኤ የሆኑትን ጂኖች ለይቶ ለማወቅ ለረጅም ጊዜ እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል፤ በክትባትና በመድኃኒት ምርምር ላይም ጥላውን አጥልቷል።

ባክቴሪያ ጂኖቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠቀምም። ለአብነት ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ4 ሺህ በላይ ጂኖች ያሉት ሲሆን፣ የትኞቹ እንደሚሠሩና የትኞቹ እንደሚያርፉ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ሁኔታ ነው። የሙቀት፣ የአሲድና የኦክስጅን መጠን እንዲሁም የብረትና የማግኒዥየም እጥረት ከነዚህ ሁኔታዎች መካከል ይጠቀሳሉ። ከጂኑ ፊት የሚገኘው "ፕሮሞተር" የተባለ የዲኤንኤ ክፍል ሁኔታው ሲመች ጂኑን ያስነሳል፤ ካልተመቸ ጂኑ እንደተኛ ይቆያል።

ባክቴሪያው በአካል ውስጥ የሚገጥመውን ሁኔታ ሁሉ በቤተ ሙከራ መልሶ መፍጠር አይቻልም። በሳህን ላይ ብቻ የሚደረግ ጥናት የአንድን የመስክ ሠራተኛ ሥራ ቢሮ ተቀምጦ እንደመገምገም ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የሆኑት ማይክል ማሃን፣ ጄምስ ስላውች እና ጆን መካላኖስ ለዚህ ችግር መፍትሔ ያሉትን ዘዴ "ሳይንስ" በተሰኘው መጽሔት ይፋ አደረጉ። ዘዴው "አይቬት" በሚለው ምህጻረ ቃል ይታወቃል።

ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ለዲኤንኤ ግንባታ የሚያስፈልገውን ፕዩሪን የተባለ ንጥረ ነገር ለመሥራት የሚያገለግል ጂን የጎደለው ሳልሞኔላ አዘጋጁ። ይህ ባክቴሪያ በአይጥ አካል ውስጥ መራባት አይችልም። ቀጥሎም የጎደለውን ጂን ያለ ፕሮሞተር መለሱለትና፣ ከፊቱ በዘፈቀደ የተቆራረጡ የሳልሞኔላውን የራሱን የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ቀጠሉበት። ቁርጥራጩ በአይጡ ውስጥ የሚሠራ ፕሮሞተር ከያዘ ባክቴሪያው ይተርፋል፤ ካልያዘ ይጠፋል። ስለሆነም የመምረጡን ሥራ ያከናወነው አይጡ ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ በማንኛውም ቦታ ዘወትር የሚሠሩ ፕሮሞተሮችን የያዙ ባክቴሪያዎችም አብረው ይተርፋሉ። እነዚህን ለመለየት ከመጀመሪያው ጂን ጎን የወተት ስኳርን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚሠራ ሌላ ጂን ተቀጥሎ ነበር። ከአይጡ ጣፊያ የተወሰዱት ባክቴሪያዎች የወተት ስኳርና ቀለም ባለበት ሳህን ላይ ሲዘሩ፣ በሳህኑም ላይ ጂኑ የሚሠራላቸው ቀይ ሆኑ፤ የማይሠራላቸው ነጭ ሆነው ቀሩ። ሲፈለጉ የነበሩት ነጮቹ ናቸው፤ በአይጡ ውስጥ ነቅተው በሳህኑ ላይ የተኙ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ጥናት 5 ጂኖች ተለዩ። መርዝ አመንጪ ጂኖችን የጠበቀ አንባቢ ሊገረም ይችላል፤ ከተገኙት መካከል ባክቴሪያው ራሱን ለመመገብና የውጭ ሽፋኑን ለመሥራት የሚጠቀምባቸው ይገኙበታል። በእንግዳ አካል ውስጥ ምግብ ማግኘቱ ለባክቴሪያው ቀላል ትግል አይደለም።

በዚህ ዘዴ የሚለየው ጂን ግን በቂ ጊዜ ሲሠራ የቆየ መሆን ነበረበት። ለአጭር ጊዜ ብቻ ነቅተው የሚተኙትን ለመያዝ አንድሩ ካሚሊ እና መካላኖስ እ.ኤ.አ. በ1995 በኮሌራ ባክቴሪያ ላይ ሌላ ስልት አቀረቡ። ፕሮሞተሩ ለአፍታም ቢነቃ የሚመረተው ኢንዛይም ለቴትራሳይክሊን መድኃኒት መቋቋሚያ የሆነውን ጂን ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ላይ ቆርጦ ያስወግዳል። የተቆረጠው አይመለስም፤ የባክቴሪያው ዘሮችም መድኃኒቱን መቋቋም ያቅታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚሁ ስልት በአይጥ ላይ በተደረገ ጥናት፣ የኮሌራው ባክቴሪያ በአንጀት ለመስፈር የሚረዳውን ጂን አስቀድሞ፣ የመርዙን ጂን ደግሞ ዘግይቶ እንደሚያስነሳ ታውቋል።

አንድ ጂን በአካል ውስጥ መንቃቱ ግን ለበሽታው አስፈላጊ መሆኑን አያረጋግጥም። ጂኑ ተወግዶ ባክቴሪያው መዳከሙ መታየት አለበት፤ በዚህ ፈተና ምንም ለውጥ ያላሳዩ ጂኖችም አሉ። በተጨማሪም የሰው ታይፎይድ አምጪ የሆነው ሳልሞኔላ በተፈጥሮ የሚያጠቃው ሰውን ብቻ በመሆኑ፣ በአይጥ ላይ የሚጠናው ዝርያ ያስገኘው ውጤት በቀጥታ የሚወሰድ ሳይሆን ለየብቻው የሚጣራ ነው።