የኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ አመራረጥ

ሥራ ባለበት ሁሉ ሙቀት አለ። የሚሮጥ ሰው ያልበዋል፤ ዳገት የሚወጣ መኪና ሞተሩ ይግላል። ኮምፒዩተርም ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ ውጭ አይደለም። የኮምፒዩተር የስሌት ሥራ የሚከናወነው ፕሮሰሰር በሚባለው ክፍል ነው። ይኸውም ከሲሊከን የተሠራ ትንሽ ስስ ቁራጭ ሲሆን፣ ትራንዚስተር የተባሉ እጅግ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎችን በውስጡ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ የቀረበው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ በዛሬዎቹ ውስጥ ግን በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ፕሮሰሰሩ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የዚህ ሙቀት መጠን የሚናቅ አይደለም። ለቤት አገልግሎት ከሚውሉት ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ በ65 ዋት ገደማ ሲሠሩ፣ ብርቱዎቹ ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው ከ200 ዋት በላይ ይወስዳሉ። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። እንግዲህ ማቀዝቀዣው ደካማ ከሆነ ለፈጣን ፕሮሰሰር የተከፈለው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። በሌላ በኩል፣ ማቀዝቀዣው እየጮኸ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ችግር ይከተላል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሲያጠና ሌላው በሚተኛበት ቤት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያፏጭ ማሽን የተኛውን እንቅልፍ፣ የሚያጠናውንም ሐሳብ ይነሣል። ስለዚህ መልካም ማቀዝቀዣ የሚባለው ሙቀትን በሚገባ እያስወገደ ድምፁ ዝቅ ያለው ነው።

ማቀዝቀዣን ለመምረጥ አሠራሩን ማወቅ ያሻል። በመጀመሪያ የማቀዝቀዣው የታችኛው ገጽ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋጠማል። ሁለት ብረቶች ለዓይን የለሰለሱ ቢመስሉም በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተቶች አሉ፤ በክፍተቶቹ ያለው አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማያስተላልፍ ፔስት የሚባል ቅባት በስሱ ይቀባል። ቀጥሎ ሙቀቱ ወደ መዳብ ቧንቧዎች ይገባል። በእነዚህ ድፍን ቧንቧዎች ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ በሞቀው ጫፍ ይተንና በቀዘቀዘው ጫፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ መነሻው ይመለሳል። ነገሩ ወጥ በሚንተከተክበት ድስት ክዳን ላይ እንፋሎት ጠብታ ሆኖ ተመልሶ ወደ ድስቱ እንደሚወርደው ነው። በመጨረሻም ሙቀቱ ወደ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ይደርሳል፤ ማራገቢያውም በቅጠሎቹ መካከል ነፋስ እያሳለፈ ሙቀቱን ጠርጎ ያወጣዋል። መዳብ ሙቀትን ከአሉሚኒየም ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፤ አሉሚኒየም ግን ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ለቅጠሎቹ ይመረጣል።

ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከማራገቢያው ነው። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚያሳልፈው አየር በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። የ10 ዴሲቤል ቅናሽ ብቻውን ለጆሮ ድምፁ የተጋመሰ ያህል ይሰማል። ከዚህ የተነሣ ትልቅ ሆኖ በዝግታ የሚዞር ማራገቢያ፣ ትንሽ ሆኖ በፍጥነት ከሚዞር ይሻላል። ጎኑ 120 ሚሊሜትር የሆነ ማራገቢያ ጎኑ 80 ሚሊሜትር ከሆነው ከሁለት እጥፍ በላይ ስፋት ስላለው፣ ያንኑ ያህል አየር በዝግታ እየዞረ ያሳልፋል። በውኃ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎችም አሉ፤ ሆኖም ፓምፓቸው የራሱን ድምፅ ይጨምራል፤ ሊበላሽ የሚችል ተጨማሪ ክፍልም ነው።

የአካባቢው አየርም ሊታሰብበት ይገባል። አንድ ማቀዝቀዣ ለእያንዳንዱ ዋት 0.4 ዲግሪ ከክፍሉ ሙቀት በላይ ከፍ የሚል ቢሆን፣ 100 ዋት ሲያስወግድ 40 ዲግሪ ከፍ ይላል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ ውጤቱ 62 ይሆናል፤ 38 ዲግሪ ከሆነ ግን 78 ይደርሳል። እንደ ጋምቤላ፣ ሰመራና ጅቡቲ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደጋውም የራሱ ጠባይ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት የሚያስወግደው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ይክሳል። በሁለቱም ስፍራ ግን ከሚያስፈልገው ጥቂት የሚበልጥ አቅም ያለውን መምረጥ ብልህነት ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኩባንያ ከሚሠራቸው አንዱ፣ ኤን ኤች-ዲ15 የተባለው፣ ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ሲሆን ኤን ኤች-ኤል9ኤ የተባለው ግን 37 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጠባብ ኬዝ ውስጥ አይገባም፤ ሁለተኛውም ብርቱ ፕሮሰሰርን አይችልም። ስለሆነም ገዢው የፕሮሰሰሩን ዋት፣ የኬዙን ስፋትና ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ሶኬት ጋር መግጠሙን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። አራት ሽቦ ያለው ማራገቢያ ፍጥነቱ እንደ ሙቀቱ መጠን ከፍና ዝቅ ስለሚደረግ፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ጸጥ ይላል።

የተመረጠው ማቀዝቀዣ ምንም መልካም ቢሆን ያለ እንክብካቤ አይዘልቅም። በበጋ የሚነሣው አቧራ በቅጠሎቹ መካከል ሲጠራቀም የነፋሱን መንገድ ይዘጋል፤ ማራገቢያውም ያንኑ ሙቀት ለማስወገድ በፍጥነት መዞርና መጮህ ግድ ይሆንበታል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አልፎ አልፎ መጥረግ ወጪ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ አስቀድሞ ለክቶ የገዛና በየጊዜው የሚያጸዳ ሰው የማሽኑን ዕድሜ ያረዝማል፤ የቤቱንም ጸጥታ ይጠብቃል።