ወረዳ ልሂድ ወይስ ክፍለ ከተማ? ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች

ከአቃቂ በሰቃ እስከ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ ነዋሪው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ወደ ወረዳ ይመልሰኛል። ጉዳዬ የማን ነው?»

መዋቅሩ እንዲህ ነው። ቀበሌን የወለደው አዋጅ 47/1967 ነው። የ1995ቱ ቻርተር (አዋጅ 361/1995) ደግሞ ከተማን፣ ክፍለ ከተማንና ቀበሌን በሦስት እርከን አደራጀ፤ በኋላ የቀበሌን ቦታ ወረዳ ተካ።

✅ መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ፦ ወረዳ
✅ ዋና ዋና መንገድ፦ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን
✅ የቧንቧ ውሃና ፍሳሽ፦ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን
✅ ዓመታዊ በጀት፦ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለነዋሪው የሚቀርበው ወረዳ ነው፤ የገንዘቡ ውሳኔ ግን ከላይ ነው። የአቃቂ ከርሰ ምድር ለአዲስ አበባ ብዙ ውሃ ያጠጣል። የዚህ ሰፈር ሰው ታዲያ ስለ ገዛ ቧንቧው የሚሰማው ሊያጣ አይገባም። ከተማ በዳር ሲሰፋ ሥልጣኑም በጀቱም አብረው ወደ ዳር መውረድ አለባቸው።

እስከዚያው ምክሬ ይህ ነው፦ አቤቱታችሁን በጽሑፍ፣ ከጎረቤት ጋር ፈርማችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ የተመዘገበ ግን መልስ ይጠይቃል።