ካንሰር በቀጭኗ የደም ሥር

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚለው ስጋት በአገራችን ስንቱን ከሐኪም አርቋል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች የጨንቻ እናት ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሳትወርድ ወራት ካለፉ፣ ከመንገዱና ከወጪው ጋር ይህ ፍርሃትም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ዕጢው ግን ማንም ሳይነካው ሕዋሳቱን ወደ ደም ይለቃል። በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የአይጥ የጡት ዕጢ በያንዳንዱ ግራም ክብደቱ በ24 ሰዓት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕዋሳት ሲለቅ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ሕዋስ በያለበት ቢያድግ ኖሮ በሽተኛ ለወራትም ባልቆየ ነበር። የሚያስቀረው ነገር አለ። ቀጭኗ የደም ሥር፣ ካፒላሪ፣ ስፋቷ ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። 8 ማይክሮ ሜትር ገደማ የሆነው ቀይ የደም ሕዋስ ተጣጥፎ ያልፋል። የካንሰር ሕዋስ ግን ብዙውን ጊዜ ከ15 ስለሚበልጥ እዚያው ይሰነቀራል፤ የደሙ ግፊት ያደቀዋል፣ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳትም ይደርሱበታል። ተመራማሪው አይዛያ ፊድለር በ1970 እ.ኤ.አ. በአይጦች ደም ውስጥ ምልክት ያደረገባቸውን የካንሰር ሕዋሳት ሲከታተል፣ በሕይወት የቆዩት ከሺህ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ጥቂቶች ግን ብልሃት አላቸው። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ዙሪያቸውን ሲሸፍኗቸው ከተከላካዮቹ ይሰወራሉ። እርስ በርስ ተጣብቀው የሚጓዙት ሕዋሳትም በጠባቧ ሥር አያልፉም ተብሎ ሲታሰብ ኖሮ፣ የቦስተን ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር አሳዩ፦ ጥቅሉ መግቢያው ላይ ይፈታና ሕዋሳቱ ሳይላቀቁ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ተራ በተራ ያልፋሉ፤ ከወጡ በኋላ መልሰው ይሰበሰባሉ።

ቀዶ ሕክምናም ሕዋሳት ሊያስወጣ ይችላል የሚል ቢኖር እውነት አለው። ይህ ግን የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ዕጢው በቦታው ከቀረ በየቀኑ ይለቃል። «ቀድሞ ደም ውስጥ ከገባ መቁረጡ ምን ይረባል?» ለሚልም፣ ከሺህ አንዱ ብቻ የሚያመልጥ ከሆነ ወሳኙ የሚለቀቀው ብዛትና የሚለቀቅበት ዘመን ነው። ምንጩ ሲነሳ መልቀቁ ይቆማል። ቀድሞ ያመለጠውን ለመድረስ ደግሞ ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ሌላው የካንሰር ሕክምና፣ የጨረር ሕክምና፣ ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን በጅማና በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ለጨንቻ ሰው ግን መንገዱ ዛሬም ሩቅ ነው፤ ናሙና ተልኮ ውጤት የሚጠበቅባቸውና የሕክምና ተራ የሚያዝባቸው ሳምንታት ሁሉ ዕጢው ሕዋስ የሚለቅባቸው ሳምንታት ናቸው።